መብራት ሲጠፋ የሚሻለው ሰርቨር

ሰኞ፣ ግንቦት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ሰርቨሩ ዝም አለ። ጠፋ አላልኩም። መብራቶቹ ብልጭ ድርግም ይላሉ፣ ማራገቢያው ይዞራል፣ አጠገቡ ሄጄ ኪቦርዱን ስነካ ይመልስልኛል። በኔትወርክ የሚጠራውን ግን አይሰማም። ላምበረት መናኸሪያ ቲኬት የሚቆርጠው ኻሊድ ደወለ። "ራሕማ፣ ወንበር አይታየኝም፤ ሰው ደግሞ ጆሮዬ ሥር ቆሟል።" አጥፍቼ አስነሳሁት፣ ሠራ። አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም።

ይህን ደብተር የጀመርኩት ሥራ አስኪያጃችን ወይዘሮ ትርሓስ ባለፈው ሳምንት ጠርተውኝ "ከሐምሌ ጀምሮ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ አንቺ ብትሆኚ ምን ይመስልሻል?" ስላሉኝ ነው። ኃላፊ የሚሆን ሰው የሚሠራውን ይጽፋል። ክፍሉ ማለት እንግዲህ እኔና ጋሽ ብርሃኑ ነን። ጋሽ ብርሃኑ ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ጡረታ ወጥተው እኛ ጋ በየዓመቱ በሚታደስ ውል የሚሠሩ ሰው ናቸው። ሰርቨሩን ከዘጠኝ ዓመት በፊት ፍሪቢኤስዲ በሚባል ሥርዓት ያቆሙት እሳቸው ናቸው። የደሴና የኮምቦልቻ አውቶቡሶቻችን ወንበር በሙሉ አትላስ ሰፈር ባለው ቢሯችን ጓዳ፣ በዚያ ማሽን ላይ ነው የሚያድረው። የእሳቸው ውል ሰኔ 30 ያበቃል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 6

ዛሬም ዝም አለ። ዛሬ ግን ከማስነሳቴ በፊት ሎጉን፣ ማሽኑ የሆነውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ፋይል፣ አነበብኩና ችግሩን አገኘሁት። እኔ ነገር ሲገባኝ ፈጥኖ ነው።

ሰርቨሩ ለኔትወርክ ብቻ ብሎ የሚለየው ሜሞሪ አለ፣ ኤምባፍ ይሉታል። የሚላክ መልእክት ተቀባዩ እስኪወስደው ድረስ እዚያ ይቆያል። ሎጉ ገደቡ ሞልቷል ይላል። ለወይዘሮ ትርሓስ በሚገባቸው መንገድ አስረዳኋቸው። በአውቶቡስ የተላከ ዕቃ ባለቤቱ እስኪመጣ መጋዘን ይቀመጣል፤ መጋዘኑ ከሞላ ሌላ ዕቃ መቀበል አንችልም።

"ታዲያ ምን ታደርጊያለሽ?"

"መጋዘኑን አሰፋዋለሁ።"

"ባለቤቶቹስ ለምን ዕቃቸውን አይወስዱም?"

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ የሙያው ሰው ላልሆነ። ገደቡን እጥፍ አደረግሁት። አለቀ።

አርብ፣ ግንቦት 8

ሁለት ቀን ሙሉ ጤና ነው። ኻሊድ ሊያመሰግነኝ ደወለ። የቲኬት ቆራጮቹ ኮምፒውተር ላይ የተሸጠው ወንበር በጥቁር መስኮት ውስጥ መስመር በመስመር ወደ ላይ ይሮጣል። "ለደንበኛ ሳናነብለት ያመልጠናል" እያሉ ሲያማርሩ፣ በሚያዝያ መጨረሻ ላምበረት ሄጄ ዘዴ አሳየኋቸው። መስኮቱ ላይ በማውስ ጠቅ ስታደርግ ይቆማል፤ አንብበህ ስትጨርስ ኢንተር ትጫናለህ፣ ይቀጥላል። ለደሴና ለኮምቦልቻዎቹም በስልክ አስተማርኩ። "ወላሂ ገላገልሽኝ" ነው የሚለኝ።

ለአረፋ በዓል ያደረግሁት ሌላም ነገር አለ። ሽያጩን እስከ ማታ አራት ሰዓት አራዘምነው። የጋሽ ብርሃኑ አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ግን ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ተነስታ ከሻጮቹ መስኮቶች ጋር ተገናኝተው የቆሙ መስመሮችን በሙሉ ትቆርጣለች። እሳቸው "ጠራጊዋ" ይሏታል። ሻጩን ከደንበኛ ፊት ትቆርጠው ጀመር። ሚያዝያ 28 የምትነሳበት ሰዓት የተጻፈበት መስመር ፊት ላይ ማሽኑ እንዲዘለው የሚያደርግ አንድ ምልክት አድርጌ አስቆምኳት። ከዚያ ወዲህ ማታ የሚያማርር የለም።

ሰኞ፣ ግንቦት 11

ቆመ። አስነሳሁት።

ጋሽ ብርሃኑ ከኋላዬ መጥተው ቆሙ። ሲያስቡ እስክሪብቷቸውን ከደረት ኪሳቸው አውጥተው ይመልሳሉ። "ራሕማ ልጄ፣ ማታ ማታ የምትጠርገዋ አለች አይደል?"

"አለች፣ ጋሼ።"

አለች እኮ። ፋይሏ በቦታዋ ነው፤ እንዳትነሳ ብቻ ነው ያደረግኋት። ኻሊድ በአንድ ስልክ፣ ኮምቦልቻ በሌላው እየጮኹብኝ ይህን ሁሉ ማስረዳት አልቻልኩም። ደግሞ የሞላው ገደብ ነው፣ ጠራጊዋ ምን አገባት?

"እሷ ካለች እንግዲህ አላውቅም" አሉና መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጠረጉ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 14

ላምበረት ከትናንት ጀምሮ መብራት የለም። ኻሊድ ወንበር በስልክ እየጠየቀኝ ይሸጣል። ሰርቨሩ ግን ሦስተኛ ቀኑን ያለ እንከን ይዟል። ባለፈው ሳምንትም እንዲሁ መብራት የጠፋባቸው ቀናት ሰላም ነበሩ። ለጋሽ ብርሃኑ "መብራት ሲጠፋ የሚሻለው ሰርቨር በዓለም ላይ የኛ ብቻ ነው" አልኳቸው። ሌላው ቢሆን ይስቅ ነበር። እሳቸው "እንዴት?" ብለው ሊጠይቁኝ ሲሉ ስልኬ ጮኸ።

ሰኞ፣ ግንቦት 18

ላምበረት መብራት መጣ። ሰርቨሩ ቆመ። ገደቡን እንደገና እጥፍ። ምሳ አልበላሁም።

ረቡዕ፣ ግንቦት 20

ቆመ። ወይዘሮ ትርሓስ የችግሩን ምክንያት በጽሑፍ ፈለጉ፣ እስከ አርብ።

በራቸው ክፍት ነበርና ሳልፍ በስልክ "አንዱ አርጅቷል፣ አንዷ ትቸኩላለች፤ ምን ላድርግ?" ሲሉ ሰማሁ። ጋራዥ የገቡት ሁለቱ አውቶቡሶች ይሆናሉ።

አርብ፣ ግንቦት 22

ሪፖርቱን ሰጠሁ። ሁለት ገጽ፣ ንጹሕ ሥራ። "የችግሩ ምንጭ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የተመረጠው ሥርዓትና አወቃቀሩ ነው። የኔትወርክ ሜሞሪው ገደብ አራት እጥፍ ከፍ ቢልም መሙላቱን አላቆመም። ሙሉ በሙሉ በአዲስ እንዲተካ ሐሳብ አቀርባለሁ።" ስም አልጠራሁም። የማንንም ስም ሳልጠራ ነው የጻፍኩት። ሚያዝያ ላይ ስለቀያየርኳቸው ጥቃቅን ነገሮች መዘርዘር ሪፖርቱን ያንዛዛዋል።

ረቡዕ፣ ግንቦት 27

ሁለት ጊዜ ቆመ። ጠዋት። ከሰዓት። ነገ የመጨረሻው የአረፋ ጉዞ ነው። እጄ ኪቦርዱ ላይ ነው የሚውለው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 28

የዛሬውን መጻፍ አለብኝ።

ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቆመ። አስነሳሁት፤ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ደገመ። ሻጮቹ በወረቀት መቁረጥ ጀመሩ። ላምበረት አንድ ወንበር ለሁለት ሰው፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ለመልስ ጉዞ እንደዚያው። ጋሽ ብርሃኑ ማንም ሳይልካቸው ታክሲ ይዘው ላምበረት ሄዱ። ኻሊድ በኋላ እንደነገረኝ፣ አውቶቡሱ በር ላይ ቆመው የተደራረበውን ሲለዩ የሰው ሁሉ ቁጣ የወረደው በእሳቸው ላይ ነው። ወደ ሐይቅ ከተማ የምትሄድ አንዲት እናት ከሦስት ልጆቿ ጋር ወንበሯ ተይዞ ቀረች። ሌላ መኪና አልተገኘም። ጋሽ ብርሃኑ ሻንጣዋን ተሸክመው እስከ ታክሲው ሸኟት። "ይቅርታ አድርጊልኝ፣ የሠራሁት እኔ ነኝ" እያሉ።

እኔ ያን ጊዜ ሰርቨሩ ፊት ነበርኩ። ሰው የቻለውን ነው የሚያደርገው።

አርብ፣ ግንቦት 29። አረፋ

ገርጂ ቤታችን እንግዳ ሞልቷል። እናቴ ዘሃራ የትናንቱን ከሰው ሰምታለች፤ መናኸሪያ ውስጥ የማታውቀው ሰው የለም።

"ጥፋቱ የማን ነው?" አለችኝ ሥጋ እየመደበች።

"የማሽኑ።"

"ማሽንማ አላህ ፊት አይቆምም" አለችና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። እናቴ ስለ ኮምፒውተር አታውቅም።

ሰኞ፣ ሰኔ 2

ስብሰባ። ወይዘሮ ትርሓስ፣ ጋሽ ብርሃኑና እኔ። ሪፖርቴ ጮክ ተብሎ ተነበበ። ስጽፈው ያላስተዋልኩት ነገር አለ። ለዘጠኝ ዓመት ሰርቨሩን የያዘው ሰው አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ስም ሳይጠራም ስሙ በየመስመሩ አለ።

ጋሽ ብርሃኑ እስክሪብቷቸውን ወደ ደረት ኪሳቸው መልሰው ተናገሩ። "እኔ ይሄ ነገር ሊሞላ አይችልም ብዬ ነበር። ማታ የምትጠርገዋ እያለች አይሞላም። ራሕማን ጠየቅኋት፣ አለች አለችኝ። እንግዲህ የረሳሁት ነገር አለ ማለት ነው። የገዛ እጄን ሥራ አላወቅሁትም።"

"ጋሽ ብርሃኑ፣ ውሉን ባላድሰው ይቀየሙኛል?"

"ኧረ አልቀየምም። ልክ ነዎት።"

እኔን ማንም የጠየቀኝ ነገር አልነበረም። ስለዚህ አልተናገርኩም። ጠራጊዋ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየማታው ስትሠራ መኖሯ ግን ወደ ቤት ስሄድ ታክሲ ውስጥ ትዝ አለኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሰርቨሩም አልቆመም ነበር ማለት ነው። ይሄ ምንም አያረጋግጥም። ያኔ ደንበኛው ትንሽ ነበር።

ሐሙስ፣ ሰኔ 5

የጋሽ ብርሃኑ ባለቤት ወይዘሮ ፈለቀች ቢሮ ደወሉ፣ ለእኔ። ባላቸው እንዳይሰሙ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው።

"ልጄ፣ አንቺ አጠገቡ ነሽና ልጠይቅሽ። ቢሮ ይረሳል?"

"ኧረ አይረሱም።"

"እቤት ግን በሩን ቆልፌያለሁ ወይ እያለ ሦስቴ ይነሳል። ሰኞ ዕለት ከስብሰባ መጥቶ 'ጭንቅላቴ ከዳኝ፣ የሠራሁትን ረሳሁ' ብሎኝ ራት ሳይበላ ተኛ። የነርቭ ሐኪም ቀጠሮ ይዤለታለሁ፣ ለሰኔ 18። አባቱም እንዲህ ነበር የጀመረው።"

"አይዞዎት" አልኳቸው። ሌላ ምን ይባላል። ከዚያ በኋላ የሠራሁት ሥራ የለም፤ ስክሪኑን ሳየው ዋልኩ።

ሰኞ፣ ሰኔ 9

ላምበረት ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ ለራሴም አልነገርኩትም።

ኻሊድ ሻይ ሊያመጣልኝ ሲወጣ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ። የስክሪኑ ግርጌ ላይ ጥቁር መስኮት በጥቁር መስኮት ተደራርቧል። አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ሠላሳ አራት።

"እነዚህን ሁሉ ለምን አትዘጋቸውም?"

"ምን ይጎዳሉ? ጠቅ አድርጌ አቆማታለሁ፣ አነባለሁ። ወረፋ ሲበዛ እሷን ትቼ አዲስ እከፍታለሁ። አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽን?"

"ኢንተር ተጫን ብዬህ ነበር።"

"ባክሽ፣ ሰው ጉሮሮዬን ይዞ ማን ኢንተር ያስታውሳል?"

"ማታስ ኮምፒውተሩን አታጠፋውም?"

"ካጠፋሁት ጠዋት ለመነሳት ዘመን ይፈጅበታል። መብራት ሲሄድ ብቻ ነው የሚጠፋው።"

ሻዩን አልጠጣሁትም። መስኮቱ ሲቆም ፕሮግራሙ መቀበልም ያቆማል። ሰርቨሩ ግን አልሞተም ብሎ የዚያን መስኮት ድርሻ ይዞ ይጠብቃል። ሠላሳ አራት ባለቤት ዕቃውን ሳይወስድ፣ እኔ መጋዘን አሰፋለሁ። መብራት ሲጠፋ መስኮቶቹ ሁሉ አብረው ይሞታሉ፤ ሰርቨሩም ጥቂት ጠብቆ ተስፋ ይቆርጥና ያራግፋል። በቀረው ቀን ደግሞ የማታዋ ጠራጊ ነበረች የምታራግፈው።

ቢሮ ገብቼ የተከፈቱትን መስመሮች ዝርዝር አወጣሁ። ላምበረት ሠላሳ አራት፣ ኮምቦልቻ ሃያ አንድ፣ ደሴ አሥራ ሰባት፤ ሁሉም እስከ አፍ ገደፋቸው ሞልተው የቆሙ። ለኻሊድ ደውዬ "ሁሉንም ዝጋቸው" አልኩት። ቁጥሩ ዓይኔ እያየ ወረደ።

መስኮቱን እንዲያቆሙ ያስተማርኩ እኔ። ጠራጊዋን ያስቆምኩ እኔ። አለች ያልኩም እኔ።

ማክሰኞ፣ ሰኔ 10

ምልክቷን ሰረዝኩ። ጠራጊዋን ሽያጭ ካበቃ በኋላ፣ ማታ አምስት ሰዓት ላይ እንድትነሳ አደረግኋት። ሚያዝያ ላይ ይህችን ሰዓት መቀየር ሁለት ደቂቃ ይበቃኝ ነበር። ጋሽ ብርሃኑ ፊት ለፊቴ ተቀምጠው መሳቢያቸውን ያጸዳሉ። አልነገርኳቸውም። መጀመሪያ ጥቂት ቀን ይፈተን።

ሐሙስ፣ ሰኔ 12

እንደ ሰዓት ይሠራል። ወይዘሮ ትርሓስ ጠረጴዛዬ ድረስ መጡ።

"ምንም ሳንገዛ ዳነ አሉ። አንቺ ነሽ?"

"አዎ።"

አዎ ነው እኮ፣ ያዳንኩትማ እኔ ነኝ። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሄዱ። ነገሩ ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነ። በየቀኑ ለመናገር የሚከብድ ነገር ላይ አንድ ቀን እጨምርበታለሁ።

አርብ፣ ሰኔ 13

ጋሽ ብርሃኑ ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ መጡ። ጭናቸው ላይ አዲስ ደብተር ይዘዋል።

"ራሕማ ልጄ፣ ሥራውን ለማስመለስ እንዳይመስልሽ። ለራሴ ነው። ምን እንደነበረ የሳትኩት አስረጂኝ። ቀስ ብለሽ ንገሪኝ፣ አሁን ቶሎ ላይገባኝ ይችላል።"

አፌ ያለ እኔ ፈቃድ ሠራ። "የኔትወርክ ካርዱ ነው ጋሼ፣ ካርዱና ሥርዓቱ አልተስማሙም ነበር።" እሳቸው ጻፉ። "ካርዱና ሥርዓቱ" ብለው ደገሙት። ትርጉም የሌለውን ነገር እያንዳንዷን ቃል በዚያ በተጣራ እጅ ጽሑፋቸው አሰፈሩ፣ ከሥሩም አሰመሩበት። ከዚያ አነበቡትና ግንባራቸውን አሹ፤ ያልገባቸው በእርጅና መሰላቸው።

መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩ። በሕይወቴ እንደዛሬ ራሴን የጠላሁበት ቀን የለም።

ሰኞ፣ ሰኔ 16

አንድ ገጽ ጻፍኩ። ይኸኛው በጣም አጭር ነው። "በግንቦት 22 ያቀረብኩት ሪፖርት ሐሰት ነው። ብልሽቱን ያመጣሁት እኔ ነኝ። አቶ ብርሃኑ ትክክለኛውን ምክንያት ግንቦት 11 ቀን ጠይቀውኝ ዋሽቻቸዋለሁ።" ፈርሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለወይዘሮ ትርሓስ ሰጠኋቸው። አንድ ጊዜ ከወሰንኩ እወስናለሁ።

ሁለቴ አነበቡት።

"የእሳቸው ውል ይታደሳል፤ ደብዳቤውን ዛሬ አስወጣለሁ" አሉ። "የአንቺን የኃላፊነት ነገር ግን እርሺው። ከሥራ ላባርርሽ አስቤ ነበር፤ ሌላ የሚያውቅ ሰው የለኝም።"

"እሺ።"

"ለኔ ወረቀት ሰጠሽኝ። ለእሳቸውስ?"

"ለእሳቸውም ቅጂ አዘጋጅቻለሁ።"

"ወረቀት!" አሉና መነጽራቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። "በእግርሽ ሂጂ፣ ራሕማ።"

ማክሰኞ፣ ሰኔ 17

ጋሽ ብርሃኑ ዛሬ ቢሮ አልገቡም፤ የነገው ቀጠሮ ስላስጨነቃቸው ፈቃድ ወስደዋል። ከመገናኛ ታክሲ ይዤ ቦሌ አራብሳ ወረድኩ። ኮንዶሚኒየማቸው አራተኛ ፎቅ ነው። ደረጃውን ስወጣ ምን እንደምል በቃሌ አጥንቼ ነበር። ወይዘሮ ፈለቀች በሩን ከፍተው ሳሙኝ። ሶፋው ላይ የነገ ሰነድ ሁሉ ተዘርግቷል፤ የደም ምርመራ፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ ሐኪሙን የሚጠይቁት በወረቀት ተጽፎ።

"ተቀመጪ" አሉኝ ጋሽ ብርሃኑ።

"ቆሜ ነው የምናገረው፣ ጋሼ።"

ያጠናሁት ጠፋ። ዝም ብዬ በቅደም ተከተል ነገርኳቸው። ስለ መስኮቶቹ፣ ስለ ምልክቷ፣ ስለ ሪፖርቱ፣ አርብ ዕለት ስላጻፍኳቸው ውሸት፣ ስለሚታደሰው ውላቸውም። እሳቸው እንደ ሁልጊዜው እስክሪብቶ ፍለጋ እጃቸውን ወደ ደረታቸው ላኩ፤ የቤት ሹራብ ነው የለበሱት፣ ኪስ የለውም።

"ምልክቷን መቼ አደረግሽ?"

"ሚያዝያ 28።"

"እኔ የጠየቅሁሽ?"

"ግንቦት 11።"

"ስጠይቅሽ እንደማትሠራ ታውቂ ነበር።"

"አውቅ ነበር።"

ጣታቸውን አንድ በአንድ እያጠፉ ቀኖቹን ቆጠሩ። ቆጥረው ሲጨርሱ እንደገና ጀመሩ። "እንግዲያው እኔ ልክ ነበርኩ።"

"ልክ ነበሩ።"

"መጀመሪያውኑ፣ በመጀመሪያው ቀን አግኝቼዋለሁ።"

"አዎ፣ ጋሼ።"

ወደ ጓዳው ዞሩ። "ፈለቀች! ሐኪሙን ተይው። ጭንቅላቴ ምንም አልሆነም።" ወይዘሮ ፈለቀች ከዕቃ ማጠቢያው እጃቸው እንደረጠበ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ፣ አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አዩ፣ ከዚያ ወረቀቶቹ ላይ ተቀምጠው አለቀሱ። ጋሽ ብርሃኑ እጃቸውን በባለቤታቸው ጀርባ ላይ አሳረፉ።

ይቅርታ ያድርጉልኝ ልል ነበር። አፌን ስከፍት እጃቸውን አነሱ።

"ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ቢሮ እገባለሁ። ሰርቨሩን አብረን እናየዋለን፣ የማውቀውን ሁሉ አስተምርሻለሁ፣ ምንም አልደብቅሽም። አሁን ግን ከቤቴ ውጪልኝ።"

በዚህ ሁሉ ጊዜ ሲቆጡ አይቻቸው አላውቅም። ወይዘሮ ፈለቀች እንኳ "ውሃ ትጠጣ" አላሉም። እሺ ጋሼ ብዬ ወጣሁ፣ በሩንም ከውጭ ራሴ ዘጋሁት።